በስልክ ስለሚያታልሉ ሰዎችና ምእመናን ስለሚጠነቀቁበት መንገድ

እግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከሰጠው ጸጋ አንዱ ንግግር ነው። ሰው በንግግሩ ያስተምራል፤ ይመክራል፤ ያዘነውን ያጽናናል፤ የተጣላውን ያስታርቃል። ዳሩ ግን ይኸው ጸጋ በክፉ ሰው አንደበት ሲገባ የማታለያ መሣሪያ እንደሚሆን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። አባታችን አዳምና እናታችን ሔዋን ከገነት የወጡት በጦር ተወግተው ወይም በሰይፍ ተመትተው አይደለም፤ በንግግር ተታልለው ነው እንጂ። እባቡም ሔዋንን በኃይል አላስገደዳትም፤ በጥያቄ ጀመረ፤ ከጥያቄው ወደ ተስፋ አለፈ፤ በተስፋው ካስጎመጃት በኋላ የቀረውን ሥራ በገዛ እጇ እንድትፈጽመው ተዋት። ኦሪት ዘፍጥረት ሦስተኛውን ምዕራፍ አስተውሎ ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዛሬ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ነገር በመልኩ አዲስ ይምሰል እንጂ በጠባዩ ከዚያ የራቀ አይደለም። ይኸውም ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች በስልክ እየደወሉ፤ የባንክ ሠራተኛ ነን፤ የቴሌ ሠራተኛ ነን፤ አንዳንዴም የገዳም መነኮሳት ነን እያሉ የምእመናንን ገንዘብ የሚወስዱበት ማታለል ነው።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። እንደሚተረከው፤ ሰውየው ሳይታይ ድምፁ ብቻ ከሽቦ ውስጥ ሲሰማ አንዳንድ ካህናት ይህ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ነበር። በኋላ ዘመን የተነሡ ሰዎች ይህን ታሪክ እያነሡ በካህናቱ ሲሥቁ እንሰማለን። መሣሪያው የሰይጣን ሥራ አለመሆኑ እውነት ነው፤ ከእርሱም የተገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ነገር ግን ፊቱ የማይታየውን ሰው ድምፅ በመጠራጠራቸው ብቻ ያን ያህል ሊሣቅባቸው ባልተገባም ነበር እንላለን።

በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ለረዥም ጊዜ ስልክ በመሥሪያ ቤትና በጥቂት ሰዎች ቤት ብቻ የሚገኝ ነበር። ዛሬ ግን እረኛው በመስክ፤ ነጋዴው በገበያ፤ ቄሱም በቀሚሱ ኪስ ይዞት ይሄዳል። ከዚህም በላይ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ፤ ባንኮችም እንደዚሁ በስልክ ገንዘብ የሚተላለፍበትን መንገድ ካስፋፉ ወዲህ፤ ስልክ የወሬ መቀባበያ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የገንዘብ ከረጢት ሆኗል። ሌባ ደግሞ ከረጢቱ ወዳለበት መሄዱ የታወቀ ነው። ቀድሞ ሌባ በግንብ ወይም በአጥር መዝለል፤ ውሻ መፍራት፤ ጨለማ መጠበቅ ነበረበት፤ ዛሬ ግን ቀን በቀን፤ ባለቤቱ ነቅቶ ሳለ፤ በሩን ራሱ እንዲከፍትለት ይጠይቀዋል።

ነገሩ እንዴት እንደሚፈጸም ለማስረዳት፤ በቆሰበር ገበያ ድንች እየሸጡ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት እናት በሐሳባችን ፊት እናቁም። ቆሰበር፤ ዛሬ በብዛት እንጅባራ የምንላት ከተማ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የአዊ ዞን ዋና ከተማ ናት። እኒህ እናት አፍ የፈቱት በአውንግኛ ነው፤ አማርኛውን ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ያህል ይናገሩታል። አንዱ ልጃቸው በባሕር ዳር፤ አንዱ በአዲስ አበባ ይኖራል። ለሚመጣው ክረምት የድንች ዘርና ማዳበሪያ መግዣ ያጠራቀሙት ገንዘብ ልጃቸው በከፈተላቸው የስልክ ሒሳብ ውስጥ ተቀምጧል። ከዕለታት አንድ ቀን ስልካቸው ይጮኻል።

«እማማ፤ እንደምን ዋሉ? ከኢትዮ ቴሌኮም ዋና መሥሪያ ቤት ነው የምደውልልዎ። እንኳን ደስ ያለዎት! በዚህ ዓመት ከተመረጡት ባለ ዕድለኞች አንዷ ሆነዋል።»

የሰውየው ንግግር የተጣራና የተማረ ሰው ንግግር ነው። ስማቸውን ከነአባታቸው ይጠራል። ሽልማቱ ሁለት መቶ ሺህ ብር መሆኑን ይነግራቸዋል። ቀጥሎም፤ ስልኩን እንዳይዘጉት፤ ገንዘቡ እስኪገባ ድረስም ለማንም እንዳይናገሩ፤ ቢናገሩ ዕጣው ለሌላ ሰው እንደሚተላለፍ አጥብቆ ያስጠነቅቃቸዋል። «አሁን በስልክዎ አንድ መልእክት ይገባል፤ በውስጡ ያለውን ቁጥር ብቻ ያንብቡልኝ» ይላቸዋል። እውነትም መልእክቱ ይገባል። እናታችን ፊደሉን ባያነቡ ቁጥሩን ያነባሉ፤ ገበያ የዋለ ሰው ቁጥር አያጣምና። ቁጥሩን አንድ በአንድ ይነግሩታል። ሰውየውም አመስግኖ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብሎ፤ ይዘጋል። የማዳበሪያው ገንዘብም በዚያው ሰዓት ይሄዳል።

እንግዲህ ያ ቁጥር ምን ነበር? መልእክቱን የላከው እውነተኛው ባንክ ወይም እውነተኛው ቴሌ ነው። አታላዩ በራሱ ስልክ ላይ ሆኖ የእናታችንን ሒሳብ ለመክፈት ሲሞክር፤ ድርጅቱ «የሒሳቡ ባለቤት አንተ ከሆንህ ይህን ቁጥር መልሰህ ንገረኝ» ብሎ ለባለቤቲቱ ስልክ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ምስጢራዊ ቁጥር ይልካል። ስለዚህ ቁጥሩ የሽልማት ቁጥር ሳይሆን የቤት ቁልፍ ነው። ቁልፉን የሰጠ ሰው ቤቱን ሰጥቷል። ባንኮችም ሆኑ ኢትዮ ቴሌኮም ይህን ቁጥርና የሒሳብን ምስጢራዊ ቁጥር ደንበኛውን ደውለው እንደማይጠይቁ ደጋግመው አስታውቀዋል። ስለዚህ የጠየቀ ሁሉ፤ ማንም ነኝ ቢል፤ በመጠየቁ ብቻ አታላይነቱን ገልጧል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ምርመራ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፤ ሰውየው ስማቸውን እንዴት ዐወቀ? ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የዚህን መልስ ከመጽሐፈ ኢያሱ ዘጠነኛ ምዕራፍ እናገኘዋለን። የገባዖን ሰዎች የእስራኤል ጎረቤቶች ሳሉ ከሩቅ አገር የመጡ ለመምሰል ፈለጉ። ያረጀ ስልቻ፤ የተቀደደና የተጠቀመ የወይን አቁማዳ፤ የተጠጋገነ ጫማ፤ የደረቀና የሻገተ እንጀራ ይዘው ወደ ኢያሱ መጡ። እንጀራው ከቤታችን ስንነሣ ትኩስ ነበር፤ ከመንገዱ ርዝመት የተነሣ ነው እንዲህ የሆነው አሉ። የእስራኤል አለቆችም እንጀራውን አይተው አመኑ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም፤ ማሉላቸውም። ከሦስት ቀን በኋላ ሰዎቹ የቅርብ ጎረቤቶች መሆናቸው ታወቀ። ልብ እንበል፤ አለቆቹ ፈጽሞ ሳይመረምሩ አልቀሩም። እንዲያውም መጀመሪያ ተጠራጥረው ጠይቀዋል፤ ማስረጃውንም በዐይናቸው አይተዋል። ስሕተታቸው ማስረጃውን ከማን እንደ ተቀበሉ አለማስተዋላቸው ነው። ባለጉዳዩ ራሱ ይዞት የመጣው እንጀራ የባለጉዳዩን እውነተኛነት ሊመሰክር አይችልም።

በስልክ የሚያታልለው ሰውም የሻገተ እንጀራውን ይዞ ይመጣል። ስማችንን ያውቃል፤ ስምና የስልክ ቁጥር ግን በዘመናችን በብዙ መዝገብና በብዙ ሰው እጅ የሚገኝ ነገር ነው። ገንዘብ በስልክ ለመላክ የሞከረ ሰው የተቀባዩን ስም ሳይከፍል ሊያየው ይችላል። የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጠራል፤ ማንም ሊጠራው ይችላል። ከበስተጀርባው የሌሎች ሰዎች ድምፅና የስልክ ጩኸት ይሰማል፤ ይህም ቢሮ ያለ ለማስመሰል የሚደረግ ነው። የአገው ፈረሰኛ ፈረስ ሲገዛ በሻጩ አንደበት ብቻ አይረካም፤ ጥርሱን ከፍቶ ያያል፤ እግሩን አንሥቶ ይመለከታል፤ ጋልቦም ይፈትነዋል። በፈረስ ነገር እንዲህ የሚጠነቀቅ ሕዝብ በስልክ ነገር ድምፅ ብቻ ሰምቶ ማመኑ የሚያስገርም ነው።

የአታላዩ መንገድ ግን በሽልማት ብቻ የሚወሰን አይደለም። አንዱ፤ የሞባይል ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ፍቀህ ንገረኝ፤ ሽልማቱን የማንቀሳቀሻ ክፍያ ነው ይላል። ሌላው ኮከብና መሰላል ያለባቸውን ቁጥሮች አከታትሎ እንድንጽፍ ያዝዛል፤ ይኸውም የአየር ሰዓታችንን ወደ እርሱ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ይሆናል፤ ወይም ኮከብ ኮከብ 21 ብሎ የሚጀምር ከሆነ፤ ወደ እኛ የሚደወለውን ሁሉ ወደ እርሱ ስልክ የሚያዞር ነው። ይህን ሳያውቅ የጻፈ ሰው መሰላል መሰላል 002 መሰላል ብሎ ጽፎ ቢደውል ጥሪው ወደ ራሱ ይመለስለታል። ከውጭ አገር ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ጮኾ የሚዘጋም አለ፤ ማን ይሆን ብሎ መልሶ የሚደውል ሰው ሳያስበው ብዙ ይከፍላል።

በነጋዴዎች ላይ በብዛት የሚደርሰው ደግሞ እንዲህ ያለው ነው። በድንችና በከሰል ንግድ ከቆሰበር እስከ ዳንግላ፤ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ የሚሠሩ ሰዎች በየቀኑ ብር ገባ የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። አታላዩ የባንክን መልእክት አስመስሎ፤ «ይህን ያህል ሺህ ብር ገብቶልዎታል» ብሎ ይጽፋል። ወዲያውም እያለቀሰ ይደውላል፤ ለእናቴ መታከሚያ ልልክ ስል በስሕተት ወደ አንተ ገባብኝ፤ ስለ እመቤታችን ብለህ መልስልኝ ይላል። ነጋዴው የሰው ገንዘብ እንዳይበላ የሚፈራ ክርስቲያን ከሆነ ወዲያው ከራሱ ገንዘብ ላይ ይልክለታል። መልእክቱ ግን ከባንኩ የመጣ አልነበረም፤ የገባም ገንዘብ የለም። እነሆ፤ ኃጢአትን መፍራቱ ራሱ ወጥመድ ሆነበት። እንዲህ ባለ ጊዜ መልእክቱን ትቶ የሒሳቡን ቀሪ መመልከት ያስፈልጋል። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከሆነ እንኳ በራስ እጅ መመለስ አይገባም፤ ወደ ባንኩ ሄዶ፤ ይህ ገንዘብ የእኔ አይደለም፤ ለላከው መልሱለት ማለት ነው። ባንኩ በመዝገቡ መሠረት ለላከው ይመልሳል። የሰው ገንዘብ የመመለስ ግዴታ በዚህ ይፈጸማል፤ በችኮላ ለማያውቁት ድምፅ መላክ ግን የግዴታው ክፍል አይደለም።

ተስፋ እንደሚያታልል ሁሉ ፍርሃትም ያታልላል፤ እንዲያውም የበረታው ይህ ነው። ልጅህ በመኪና አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ገብቷል፤ ለቀዶ ሕክምና አሁኑኑ ገንዘብ ያስፈልጋል የሚል ጥሪ አለ። ታስሯል፤ ወይም ታግቷል የሚልም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በነበረው ጦርነት የተነሣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር፤ በመንገድም ሰዎች እየታገቱ ማስለቀቂያ እንደ ተጠየቀባቸው ሁላችንም እናውቃለን። እውነተኛ መከራ ባለበት አገር የሐሰት መከራ ወሬ በቀላሉ ይታመናል። ወላጅ የልጁን ስም ሲሰማ ልቡ ይቀልጣል፤ ማሰብም ያቅተዋል። አታላዩም የሚፈልገው ይህን ነው።

በዚህ ነገር የአባታችን የይስሐቅ ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ይስሐቅ ዐይኑ በፈዘዘ ጊዜ ያዕቆብ የፍየል ጠጉር በእጁ ለብሶ፤ የወንድሙን ልብስ ተጎናጽፎ ገባ። ይስሐቅ ድምፁን ሲሰማ ተጠራጠረ። ነገር ግን ጥርጣሬውን ለማን አቀረበው? ለዚያው ለተጠራጠረው ሰው ነው። በእውነት አንተ ልጄ ዔሳው ነህን? ብሎ ጠየቀው፤ እርሱም ነኝ አለ። የእግዚአብሔር ምክር በዚህ ውስጥ የተፈጸመበት ምሥጢር እንዳለ መተርጕማን ያስተማሩት በቦታው የታወቀ ነው፤ እኛ አሁን የምናነሣው የነገሩን ውጫዊ መንገድ ብቻ ነው። አንድ አገልጋይ ጠርቶ፤ ዔሳው ከአደን ተመልሷልን? ቢል ኖሮ ነገሩ በዚያው በታወቀ ነበር። በስልክም እንዲሁ ነው። አንተ በእርግጥ የባንክ ሠራተኛ ነህን? ብሎ ደዋዩን መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ አዎን ከማለት በቀር ምን ይላል? መታወቂያ ቁጥሬ ይህ ነው ቢልም የራሱ የሻገተ እንጀራ ነው። ስልኩን ዘግቶ፤ በሌላ መንገድ፤ በራስ እጅ ወደሚታወቀው ቁጥር መደወል ግን እውነቱን ያወጣል። የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር 994፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ቁጥር 951 ነው። የልጅም ነገር ከሆነ ወደ ልጁ ራሱ፤ ባያነሣ ወደ ባልንጀራው ወይም ወደ ጎረቤቱ መደወል ነው።

ዛሬ ደግሞ የሰውን ድምፅ ከጥቂት ንግግሩ ወስዶ በመሣሪያ አስመስሎ መሥራት ተችሏል። ስለዚህ ድምፁ የልጄ ነው ማለት እንኳ ብቻውን አይበቃም። በቤተሰብ መካከል ከቤቱ ሰው በቀር ማንም የማያውቀው አንድ ቃል አስቀድሞ መወሰን መልካም ነው፤ በችግር ጊዜ ልጁ ያን ቃል ይናገራል። የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ የኤፍሬምን ሰው በአንዲት ቃል አጠራር ይለዩት እንደ ነበር በመጽሐፈ መሳፍንት ተጽፏል። ፍጻሜው የደም ነውና እርሱን ተዉት፤ ብልሃቱን ግን ለቤት ልንወስደው እንችላለን።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ይልቁንም ካህናትን የሚመለከት ነው። በቤተ ክርስቲያን ስም የሚደወል ጥሪ አለ። ደዋዩ ከእገሌ ገዳም ያለሁ ባሕታዊ ነኝ ይላል። ስምህን በራእይ አየሁት፤ በቤትህ መተት ተቀብሯል፤ በዚህ ሱባኤ ካልተጸለየልህ ልጅህን ታጣለህ፤ ለጧፍና ለዕጣን ይህን ያህል ላክ፤ ለንስሐ አባትህም ቢሆን እንዳትናገር ይላል። ወደ አለቆችና ወደ ሰበካ ጉባኤ አባላት የሚመጣው ደግሞ በሌላ ልብስ ነው፤ በአሜሪካ ያሉ ምእመናን ለደብራችሁ ንዋየ ቅድሳትና ብዙ ገንዘብ ልከዋል፤ ዕቃው በጉምሩክ ስለ ተያዘ የማስለቀቂያውን ክፈሉ የሚል ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ያረጀበት የገጠር ደብር አለቃ ይህን ሲሰማ በደስታ እንባ ቢያፈስስ አይፈረድበትም፤ መክፈል ግን የለበትም።

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ዐሥራ ሦስተኛ ምዕራፍ የተጻፈውን የእግዚአብሔርን ሰው እናስብ። ከይሁዳ ወደ ቤቴል መጥቶ በንጉሡ በኢዮርብዓም ፊት ሳይፈራ ተናገረ። ንጉሡ ወደ ቤቱ ሊወስደውና ሊሸልመው ቢወድድ፤ በዚህ ስፍራ እንጀራ እንዳልበላ ውሃም እንዳልጠጣ ታዝዣለሁ ብሎ እንቢ አለ። ንጉሥን ያሸነፈው ይህ ሰው ግን በመንገድ ላይ በአንድ ሽማግሌ ነቢይ ተሸነፈ። ሽማግሌው፤ እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ፤ መልአክ ነግሮኛል አለው። ውሸት ነበር። እርሱም ተመልሶ በላ፤ ጠጣም፤ በመንገድም አንበሳ ገደለው። የንጉሥን ሽልማት ንቆ ያለፈ ሰው፤ የራሱን ልብስ ለብሶ፤ የራሱን ቋንቋ ተናግሮ የመጣውን አልጠረጠረም። እኛም ካህናት የባንክ ሠራተኛ ነኝ የሚለውን ልንጠረጥር እንችላለን፤ አባ፤ ይባርኩኝ ብሎ የሚጀምረውን፤ የበዓላቱን ቀንና የገዳማቱን ስም ጠንቅቆ የሚጠራውን ግን ማመን ይቀናናል። አታላይም ይህን ያውቃል።

በዚህ ላይ ልንይዘው የሚገባ አንድ ቁርጥ ያለ መለያ አለ። ለንስሐ አባትህ አትናገር የሚል መንፈሳዊ ምክር የለም። እውነተኛ መነኩሴ ምእመንን ከንስሐ አባቱ አይለይም፤ ጸሎቱንም በዋጋ አይሸጥም። ለገዳማትና ለአድባራት የሚሰጠው መባ በደብሩ ወይም በገዳሙ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ገብቶ፤ ወይም በሰበካ ጉባኤ ደረሰኝ ተቀባይነት አግኝቶ የሚሰጥ ነው እንጂ በአንድ ሰው የግል ስልክ የሚላክ አይደለም። የተጠራጠረ ሰው የወረዳውን ቤተ ክህነት ወይም ሀገረ ስብከቱን ቢጠይቅ ነገሩ በአንድ ቀን ይታወቃል። እውነተኛው ገዳም ስለ ተጠየቀ አይቀየምም።

ብዙ ምእመናን፤ በተለይም አረጋውያን፤ ነገሩን እየጠረጠሩ ሳሉ ስልኩን መዝጋት ይከብዳቸዋል። በአገራችን ልማድ ሰላምታ ያቀረበን ሰው ከአፉ ቃሉን ነጥቆ መሄድ ነውር ነው፤ እማማ፤ እናቴ እያለ የሚያናግርን ሰው መቆጣትም ያሳፍራል። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ መጥፋትም የለበትም። ነገር ግን ሰላምታ የሚገባው ለእንግዳ ነው፤ በእንግዳ ስም አጥር ለሚጥስ ሰው አይደለም። ቅዱሳን አባቶች ከክፉ ሐሳብ ጋር ክርክር አትግጠሙ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ቁረጡት ብለው ያስተማሩት ለዚህም ይሠራል። ሔዋንም እባቡን ባትመልስለት ኖሮ ንግግሩ በዚያው ባለቀ ነበር። «ልጄን ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብሎ መዝጋት ትሕትናን አያጐድልም፤ እውነተኛ ሰው ከሆነ ይጠብቃል፤ አታላይ ከሆነ ግን በዚህ ቃል ይቆጣል፤ ቍጣውም ማንነቱን ይነግረናል። ደግሞ አንዳንድ ጐበዛዝት አታላዩን ረዥም ሰዓት እያጫወቱ መሣቅን እንደ ጀግንነት ይቆጥሩታል፤ ይህን አንመክርም፤ ብዙ ያወራ ሰው ሳያስበው ስለ ራሱ ብዙ ይነግራልና። ጌታችን የእባብን ልባምነትና የርግብን የዋህነት አንድ አድርጎ ማዘዙን እናስታውስ፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ትእዛዙን ማጉደል ነው።

እስካሁን አታላዩን እንደ ጠላት ስንናገር ቆይተናል። በስልኩ ሌላ ጫፍ ያለው ማን እንደ ሆነ ማወቅ ግን ልብን የሚያሳዝን ነገር አለበት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፤ በምያንማር ቢያንስ 120,000፤ በካምቦዲያም 100,000 ያህል ሰዎች በግዳጅ ተይዘው ሌላውን ሕዝብ በስልክና በኢንተርኔት እንዲያታልሉ ይደረጋሉ ብሏል። ከእነዚህም መካከል የእኛ ልጆች ይገኛሉ። በታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ በጥሩ ደመወዝ አለ ተብለው፤ ዘመዶቻቸው ተበድረው ለጉዞ ከፍለውላቸው የሄዱ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ድንበር ተሻግረው በምያንማር ውስጥ ምያዋዲ በምትባለው ከተማ አካባቢ በአጥር ውስጥ ተዘግተዋል፤ የታዘዙትን ያህል ሰው ካላታለሉም ተደብድበዋል። በየካቲት ወር 2017 ዓ.ም. ከዚያ ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ስለዚህ በሩቅ አገር ያለች አንዲት ባልቴት ስልክ ሲጮኽባት፤ በሌላው ጫፍ ያለው እየተገረፈ የሚያነብ የእኛው ልጅ ሊሆን ይችላል። እርሱም መጀመሪያ በስልክ የተታለለ ነበር።

ይህን የተናገርነው በአገር ውስጥ በፈቃዱ የሚያታልለውን ሰው ነጻ ለማውጣት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 692 አታላይነትን ያስቀጣል፤ ቅጣቱም ቀላል እስራት ወይም እንደ ነገሩ ሁኔታ ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ጽኑ እስራትና መቀጮ ነው። ነገር ግን የንስሐ አባት፤ ለውጭ አገር ሥራ በስልክ የተጠራ ወጣት ሊመክረው ሲመጣ፤ የሚሄድበትን ድርጅት በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አረጋግጠሃልን? ብሎ መጠየቅ ከጸሎቱ ጋር የሚሄድ ሥራው ነው።

ገንዘቡ ከተወሰደ በኋላስ? የመጀመሪያው ሰዓት ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ገንዘቡ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ሳይተላለፍና ሳይወጣ ለባንኩ ወይም ለቴሌ ከተነገረ ሒሳቡን ማገድ ይቻላል፤ ቀን ካለፈ ግን ተስፋው ይመነምናል። ስለዚህ ወዲያው መደወል፤ ምስጢራዊ ቁጥሩን መለወጥ፤ የገባውን መልእክትና የደዋዩን ቁጥር ሳያጠፉ ወደ ፖሊስ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙዎች ይህን የማያደርጉት ገንዘቡን ስለ ናቁት ሳይሆን ስለሚያፍሩ ነው። ያቺ የቆሰበር እናት ልጆቼ ምን ይሉኛል ብለው ዝም ይላሉ፤ የማዳበሪያውን ገንዘብ ለመተካት በወለድ ይበደራሉ፤ ኀዘኑ ከገንዘቡ ይልቅ ይጐዳቸዋል። ልጆችም ሲሰሙ፤ እንዴት ይህን ያህል ሞኝ ትሆኛለሽ ብለው ይናገራሉ። ይህ ቃል ሌባው ካደረሰው ጉዳት የሚበልጥ ጉዳት ነው። ይስሐቅን ያህል አባት፤ ኢያሱን ያህል መስፍን የተታለሉበትን ነገር በአንዲት ድንች ሻጭ ላይ እንደ ልዩ ሞኝነት መቁጠር ከቶ አይገባም። ካህኑ ይህን ለልጆቹ ሊነግራቸው ይገባል፤ በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ትምህርትም ጉዳዩን፤ አማርኛ ለማይበረታላቸው አረጋውያን በአውንግኛ ጭምር፤ ቢያስረዳ ሌላውን ያድናል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ቀድሞ በአገራችን ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበር፤ ንብረቱ የተሰረቀበት ሰው ሕፃን መድኃኒት አጠጥቶ፤ ሕፃኑ የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ይለው ነበር፤ ንጹሓንም ብዙ ጊዜ በዚህ ተጐድተዋል። ዛሬ ገንዘቡ በስልክ የተወሰደበት ሰው ወደ ጠንቋይ ሄዶ ሌባዬን አሳየኝ ሲል ያው ነው፤ ሁለተኛ ይዘረፋል። በስልክም፤ የተወሰደብህን ገንዘብ የማስመልስ ባለሙያ ነኝ፤ መጀመሪያ የአገልግሎት ክፈል እያለ የሚደውል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አታላይ ራሱ ወይም ባልንጀራው ነው።

እንዲሁም በስማቸው የወጣውን የስልክ ካርድ ወይም የባንክ ሒሳብ ለጥቂት ብር ለማያውቁት ሰው የሚያውሱ ወጣቶች አሉ። እኔ አላታለልሁም፤ ሒሳቤን ብቻ አዋስሁ ይላሉ። የሌባ ዕቃ ማስቀመጫ የሆነ ቤት ግን ከስርቆቱ ነጻ አይደለም። እንዲህ ያለው ወጣት ወደ ንስሐ በመጣ ጊዜ ቀኖናው ጾምና ስግደት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ እንዳለ፤ በእጁ ያለፈውንም ለባለቤቱ መመለስ አለበት። አንዳንዶቹ፤ ባለቤቱን አላውቀውም፤ ለድሆች ልስጠው ይላሉ። ይህ መልስ በገበያ የወደቀ ገንዘብ ላገኘ ሰው ሊሆን ይችላል። በባንክ መዝገብ ግን ገንዘቡ በየትኛው ቀን፤ በየትኛው ሰዓት፤ ከማን እንደ መጣ ተጽፎ ይገኛልና፤ ካህኑ ልጁን ይዞ ወደ ባንኩ ሊሄድ ይችላል።